ጋሽ ወልዴን ያስነሳች ውሻ

ጋሽ ወልዴ ማረፋቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ደውላ እንደ ልማዷ ስለ ልጆቼ ጠየቀች፣ ስለ ባለቤቴ ጠየቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። እናቴ ስልክ ይዛ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። "ምን ሆነሻል?" ስላት "ጎረቤታችን ቀደሙን" አለችኝ። በእናቴ አፍ ጎረቤታችን የሚባል ሰው አንድ ጋሽ ወልዴ ብቻ ስለሆኑ ስም መጥራት አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ከሳንሱሲ ተነስቼ ቀራንዮ ሄድኩ። ድንኳኑ የተተከለው እኛና እነሱ በምንጋራው አጥር ሥር ነው። ለቅሶ ነውና ሻሼን አስተካክዬ፣ ፊቴን አጨልሜ ስገባ የሰማሁት ግን ሳቅ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰውዬ መሀል ላይ ቆሞ ውሻ ጫማ ነክሳ እንዴት እንደምትሮጥ ያሳያል። የጋሽ ወልዴ ሚስት እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ ሳቅና እንባ ተቀላቅሎባቸው ይንቀጠቀጣሉ። አባቴ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ እሱም ይስቃል።

"ነይ ፎዚያ፣ ተቀመጪ" አሉኝ እትዬ አስካለ። "አትደንግጪ፣ ስለ ማሬ እያወራን ነው።"

ተቀመጥኩ። ያን ቀን የተወራውን አብዛኛውን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቤታችንንና ቤታቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ቆርቆሮው ደግሞ ብዙ ቀዳዳ አለው።

ጋሽ ወልዴ የከፋ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከቦንጋ ማር ይዘው መጥተው እዚሁ ቀሩ። የማር ሱቃቸው ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነበር። ማር ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ ሲጠይቃቸው አይመልሱም፤ መጀመሪያ እጁን ተቀብለው መዳፉ ላይ ማሩን ጠብ ያደርጉለታል። "ቅመስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።" የቀመሰ ሰው ሳይገዛ ሲሄድ አላየሁም።

ሰፈሩ ግን ከማራቸው ይልቅ አንደበታቸውን ነበር የሚፈልገው። የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋፉ ጎረቤታሞች፣ በውርስ የተካረሩ ወንድማማቾች እሳቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ አይቸኩሉም፣ ሰው አያቋርጡም። "ነገር እንደ ማር ነው፤ ካላሞቁት አይፈስም" ይሉ ነበር። አባቴ ሐጂ ከድር በተቃራኒው ወሬ የማይወድ የጨርቅ ነጋዴ ነው። አመሻሹ ላይ ሁለቱ በአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመው ሲጨዋወቱ የሚሰማው የጋሽ ወልዴ ድምፅ ብቻ ነው። አባቴ አልፎ አልፎ "እህ" ይላል።

አንድ ጠዋት ያ ድምፅ ጠፋ። ስትሮክ ነው ተባለ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አይታዘዝም ነበር። ከሁሉም የከፋው ግን የምላሳቸው ነው። ያ ሁሉ ንግግር ሄዶ አንዲት ቃል ብቻ ቀረቻቸው፤ "አይደለም" የምትል። እትዬ አስካለ "ራበህ?" ሲሏቸው "አይደለም" ይላሉ። "ውሃ ላምጣ?" ሲሏቸው "አይደለም" ይሉና ግራ እጃቸውን ወደ ብርጭቆው ይዘረጋሉ። በልባቸው ያለውና ከአፋቸው የሚወጣው እንዳልተገናኘ ራሳቸውም ያውቁታል። ሲናገሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ሐኪሙ በየቀኑ እየተነሱ እንዲራመዱ አዟል። እሳቸው ግን እትዬ አስካለ ሊደግፏቸው ሲመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። በረንዳው ላይ በተደረገላቸው የፕላስቲክ ወንበር ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። ጠያቂ በሩን ሲያንኳኳ ወደ ውስጥ አስገቡኝ ብለው በእጃቸው ያመለክታሉ። አባቴ አንድ ቀን ገብቶ ጠይቋቸው ሲመለስ ምሳውን አልበላም።

"ወልዴ ሲያየኝ አለቀሰ" አለን። "እንዲህ ሆኖ እንዳየው አይፈልግም። ሁለተኛ አልሄድም፤ እየጎዳሁት ነው።"

ከዚያ በኋላ አጥሩ ግራና ቀኝ ማንም አልቆመም።

ማሬ የመጣችው በማር መኪና ነው። ሹፌሩ ከቦንጋ የጫነውን ጀሪካን ሲያወርድ ከጀሪካኖቹ መሀል አንዲት ቡችላ ብቅ አለች። ቡናማ ናት፤ አንዱ ጆሮዋ ቆሟል፣ አንዱ ወድቋል፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። የት ቦታ ላይ ሾልካ እንደገባች ሹፌሩም አያውቅም።

"ይዘሃት ሂድ" አሉት እትዬ አስካለ። "በሽተኛ አለብኝ። ውሻ የማሳድግበት ጊዜ ከየት ይመጣል?"

ሹፌሩ ሊይዛት ሲል አመለጠችው። በረንዳው ላይ ወጥታ ከጋሽ ወልዴ ቀኝ እግር ነጠላ ጫማውን ጎትታ አወለቀችና ሮጠች። ያ እግር ብዙም አይሰማውም ነበርና እሳቸው መወሰዱን ያወቁት ጫማው ግቢውን ሲያቋርጥ ሲያዩ ነው። ጫማው ከእሷ ይበልጣል። ትጎትተዋለች፣ ትገለበጥበታለች፣ ተነስታ አንገቱን እንደያዘችው አይጥ ትነቀንቀዋለች። መሀል ግቢ ስትደርስ ቆማ ዘወር ብላ አየቻቸው። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም የምትል ነው የምትመስለው።

ጋሽ ወልዴ ሳቁ። በአፋቸው በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣ፣ ሳል የሚመስል ሳቅ ነው። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ እጄ ገመዱ ላይ ቀረ። እትዬ አስካለ ወደ በረንዳው ዞረው ባላቸውን አዩ፤ ከዚያ ለሹፌሩ "ተዋት" አሉት። ከማር ጋር ስለመጣች ስሟ ማሬ ሆነ።

እንደ እሷ ያለ ተጫዋች እንስሳ አላየሁም። የራሷን ጭራ አሳዳ ስትይዘው ያማትና ሌላ ውሻ የነከሳት ይመስል ታኮርፋለች። ዶሮ ታባርራለች፣ ዶሮዋ ዞራ ስትቆም ግን እሷው ትሸሻለች። የምትተኛው ለሁለት በተቆረጠ የማር ጀሪካን ውስጥ ነው። ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ካየች ከፊቱ እየሮጠች ታደርሰዋለች፣ ውጭ ጠብቃ ትመልሰዋለች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም ይሁን የመስጊዱ አዛን ሲሰማ ያ የወደቀው ጆሮዋ ቀጥ ይላል፤ ሲያበቃ ተመልሶ ይወድቃል።

ዋናው ሥራዋ ግን ጫማ ነው። በየጠዋቱ ያንኑ የቀኝ እግር ጫማ ታወልቅና ትሄዳለች። መጀመሪያ ከደረጃው ሥር ነበር የምታስቀምጠው። እትዬ አስካለ ሊያመጡላቸው ሲነሱ ጋሽ ወልዴ ግራ እጃቸውን አንስተው "አይደለም" አሉ። ያን ጊዜ ቃሉ በትክክል ቦታው ላይ ነበር። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ሲንቀጠቀጡ ከአጥሩ ማዶ ለእኔ እንኳ ይታየኛል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እየተንሸራተቱ ወርደው ጫማቸውን ያዙ። ማሬ ጫማውን በሌላ በኩል ነክሳ መጎተት ጀመረች። ጋሽ ወልዴ በጤነኛ እጃቸው ይጎትታሉ፣ እሷ እያጉረመረመች ትጎትታለች። ከዚያ በኋላ ጫማው በየሳምንቱ እየራቀ ሄደ። ከደረጃው ወደ ውሃ ባንቧው፣ ከባንቧው ወደ ጌሾው ዛፍ። ሐኪም ያዘዘውን እንቢ ያሉት ሰው ቡችላ ያዘዘችውን እሺ አሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ የአስር ሶላቱን ሰግዶ ሲወጣ ከደጃፉ ላይ የቆዳ ጫማው የለም። ከአጥራችን ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ የጫማው ማሰሪያ ቀርቷል። እኛ ቤት የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። አባቴ ጫማው ውድ ስለነበር ነው መሰል ፊቱ ተለዋወጠ። በባዶ እግሩ ወጥቶ ወደ ጎረቤት በር ሄደ። ጠብ እንዳይነሳ ብዬ ተከተልኩት።

በሩን ደጋግሞ መታው። ማንም አልመጣም። ሊመለስ ሲል ከውስጥ መጎተት ተሰማ፤ ዝግ ያለ፣ እግር መሬት የሚጠርግበት ድምፅ። መቀርቀሪያው ብዙ ቆይቶ ተነሳ። በሩ ሲከፈት የቆሙት ጋሽ ወልዴ ናቸው። በትከሻቸው ምሰሶውን ተደግፈዋል፤ ላባቸው ይወርዳል፤ በግራ እጃቸው ጣቶች ላይ የአባቴ ጫማ ተንጠልጥሏል። ከታመሙ ወዲህ በሩ ድረስ መጥተው አያውቁም። እትዬ አስካለ ሱቅ ነበሩ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

አባቴ ጫማውን ትቶ ሰውየውን አየ።

"ወልዴ" አለ። "በሩን የከፈትከው አንተ ነህ?"

"አይደለም" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ጫማውን እየዘረጉለት።

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከዚያ ጋሽ ወልዴም ሳቁ። ማሬ በሁለቱ እግሮች መሀል አጮልቃ ጭራዋን ትቆላለች። አባቴ በምራቅ የራሰውን ጫማ በእጁ ተቀበለ፤ "እግዜር ይስጥህ ወንድሜ" አለና ተመለሰ። ቤት ገብቶ ጫማውንም እጁንም ሰባት ጊዜ አጠበ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቴ ደጃፉ ላይ፣ ከጉድጓዱ ፊት ለፊት፣ አዲስ የላስቲክ ጫማ ተቀምጦ አየች።

"ከድር፣ ይሄ የማን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"እዚህ ካስቀመጥከው ውሻዋ ትወስደዋለችኮ።"

"ትውሰደው።"

እናቴ ትንሽ አየችውና ወደ ቤት ገባች። ማሬ የተዘጋጀላትን ጫማ አላሳለፈችም። በዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ የእኛ በር ተንኳኳ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። ጋሽ ወልዴ ከበረንዳቸው ወርደው፣ ግቢያቸውን አቋርጠው፣ በኮብልስቶኑ ላይ ዞረው እኛ በር ድረስ ጫማ ያመጣሉ። አባቴ ከበሩ ጀርባ ቆሞ እያደመጠ እኔ ልከፍት ስል በእጁ ይከለክለኛል።

"ቆይ" ይለኛል በሹክሹክታ። "ትንሽ ይቁም። መቆም ይልመድ።"

ጋሽ ወልዴ ይህን ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። የሚመስለኝ ያውቁ ነበር። ሁለቱም ስለ ጫማው አንድ ቀን አንስተው አያውቁም።

በዓመቱ የደመራ ዕለት ነው ትልቁ ነገር የሆነው። እትዬ አስካለ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ የሰፈሩ ወጣቶች ገና በቀን ርችት መተኮስ ጀምረዋል። እኔ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ወልዴን ከአስፋልቱ ዳር በከዘራ ቆመው አገኘኋቸው። ብቻቸውን ናቸው። አስፋልት ድረስ ወጥተው አያውቁም።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ? የት ሊሄዱ ነው?"

አፋቸውን ከፈቱ፤ ትግል ነበር። "ማ..." አሉ። ደግመው "ማ..." አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ አስኮ አቅጣጫ አዙረው ያ ወፍራም ድምፅ፣ ከታመሙ ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ፣ መንገዱን ሞላው።

"ማሬ!"

ርችቱን ሰምታ ደንግጣ ነው የወጣችው። እጃቸውን ልይዝ ስል እጄን መለሱት። ከኋላቸው ሄድኩ። በየጥቂት እርምጃው ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ "ማሬ!" ይላሉ። ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንድ የታክሲ ረዳት ፌርማታው ላይ ሆኖ "አባባ፣ ሚስትዎ ጠፉብዎት እንዴ?" አላቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሰሙትም። ፊታቸው ላይ ያን ጊዜ የነበረውን ነገር እስካሁን ልገልጸው ያቅተኛል፤ ውሻ የሚፈልግ ሰው ፊት ብቻ አልነበረም።

ፌርማታው ላይ ከቆመ ሚኒባስ ሥር የሚያለቅስ ድምፅ መጣ። ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ጥለው በጤነኛው ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ማሬ በሆዷ እየተሳበች ወጥታ ደረታቸው ላይ ወጣች፤ ፊታቸውን፣ ጆሯቸውን፣ ኮፍያቸውን ላሰቻቸው።

"አንቺ" አሉ ጋሽ ወልዴ። "አንቺ ልጅ... ገደልሽኝ።"

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ እንባዬ እየወረደ ነበር።

"ፎዚያ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ ስሜን ቀምሰው የሚያዩት ይመስል። "አታልቅሺ። ቤት... እንሂድ።"

ስንመለስ ያ ረዳት ከዘራቸውን አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ነበር። የሆነውን ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ጋሽ ወልዴ "አስካለ" ብለው ሲጠሯቸው ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሲረጋጉ የመጀመሪያ ንግግራቸው ይህ ነበር፦ "ዕድሜዬን ሙሉ አብሬህ ስኖር አንድ ቀን ማሬ ብለኸኝ አታውቅም። መንገድ ለመንገድ ለውሻ ተናገርከው?" ጋሽ ወልዴ እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ቃሎቹ ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ ተመለሱ። ሁሉም አልተመለሱም። አንዳንዱ ሲጠፋባቸው ቆም ይላሉ፤ የሚያዋራቸው ሰው ቃሉን ሊያቀብላቸው ሲል በእጃቸው ያስቆሙታል፤ ራሳቸው ካላገኙት አይቀጥሉም። ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ማሬ ባንኮኒው ሥር ተኝታ ሰው በገባ ቁጥር በአንድ ዓይኗ ጫማውን ታያለች። አመሻሹ ላይ አጥሩ ግራና ቀኝ እንደገና ሰው መቆም ጀመረ። አሁን ግን አባቴም ያወራል፤ ጓደኛው ቃል እስኪያገኝ ድረስ ክፍተቱን መሙላት ለምዶበታል።

ስለ ራሴ የማወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም የእሳቸው ስለሆነ። ነቢል ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ሁለት ጊዜ መለሳቸው። ነቢል የወሎ ልጅ ነው። የአባቴ ምክንያት አጭር ነበር፤ "አገሩን አላውቀው፣ ዘመዱን አላውቀው።" እኔ ማልቀስ ብቻ ነበር የቀረኝ። የነቢል ቤተሰብ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ከፊት የቆመውን ሽማግሌ በመጋረጃው ሳይ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ነቢል ሱቃቸው ሄዶ ለምኗቸው ኖሯል። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ከዘራቸውን ይዘዋል። ማሬ አሁን ትልቅ ውሻ ሆናለች፤ ተከትላቸው መጥታ ከበሩ ውጭ ተቀመጠች።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ አባቴ።

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም፣ ሐጂ" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ወልዴ፣ ዛሬ እንግዳ ሆንክብኝ? እባክህ ተቀመጥ። እግርህ..."

"ዛሬ ጎረቤትዎ ሆኜ አልመጣሁም።"

አባቴ አንቱ ሲባል ደነገጠ። ጋሽ ወልዴ ንግግራቸውን ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው፤ በመሀል ቃል ጠፍቷቸው ሲቆሙ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

"ልጁን አገሩን አላውቀውም አሉ። እውነት ነው። የእኔም አገር... ከአገርዎ አይደለም። ሃይማኖቴም ከሃይማኖትዎ አይደለም። ግን እኔ ስወድቅ... በር ላይ ቆሞ የጠበቀኝ፣ ጫማ ያስቀመጠልኝ የአገሬ ሰው አይደለም። እርስዎ ነዎት።"

አባቴ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ጋሽ ወልዴ ቀኝ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንዱ ሽማግሌ ወንበር ሊያቀርብላቸው ሲል በእጃቸው አስቆሙት።

"ለመቆም ስንት እንደደከምኩ ያውቃሉ፣ ሐጂ። ከሁሉ ሰው ይበልጥ እርስዎ ያውቃሉ። ልጅዎን ሳይሰጡን አልቀመጥም።"

አባቴ ተነሳ፤ እሱ ራሱ የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ ከጋሽ ወልዴ ጀርባ አደረገና በሁለት እጁ ትከሻቸውን ያዘ።

"አላህ ምስክሬ ነው" አለ። "ሰጥቻለሁ።"

እናቴ ከጓዳ እልል አለች። ጋሽ ወልዴ ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት።